መሪዎችን በአንድ ዓይን የሣሉት የአቶ አንለይ ገብረማርያም የሕይወት ታሪክ

አቶ አንለይ ገብረማርያም ከአባታቸው ከአቶ ገብረማርያም ዘመነ እና ከእናታቸው ከወይዘሮ ይርገዱ ታደለ በፎገራ፣ ቁሐር ሚካኤል፣ በ1945 ዓ.ም. በኅዳር ሚካኤል ዋዜማ ተወለዱ። ከእሳቸው በፊት የተወለዱት ልጆች ስላልበረከቱ እናታቸው አንለይ አሏቸው። ስምም ልመናም ነበር።

ይህን ታሪክ ያዘጋጀችው የእኅታቸው የወይዘሮ ውባንቺ ልጅ መሠረት ናት። በለቅሶ ላይ የሚነበብ ታሪክ ሁሉ አንድ ነው፤ ሟቹ ደግ፣ ሰው አክባሪ፣ ለተቸገረ ደራሽ፣ ቂም የማያውቁ ናቸው። አቶ አንለይ ግን ሰውን አሳምሮ ማቅረብ ምን እንደሚያስከትል ያውቁ ስለነበር፣ ገና በሕይወት ሳሉ መሠረትን ጠርተው “እንዳታሳምሪኝ” ብለው አስምለዋታል። መሐላ ነውና ይጠበቃል። ምሬት የበዛበት የመሰለው ሰው ካለ በሟቹ አይፍረድ።

የፎገራ ሜዳ ክረምት ውሃ ይተኛበታል። ርብና ጉማራ ሞልተው ሲወጡ ሰውም ከብቱም ወደ ከፍታው ይሰበሰባል፤ ከዚያ በኋላ ቤት ውስጥ ከጎታና ከምድጃ ጋር መፋጠጥ ነው። አቶ አንለይ ሥዕል የጀመሩት እንዲህ ባለ ክረምት፣ በእናታቸው ጎታ ላይ፣ በከሰል ነው። የሣሉትም የአጥቢያውን ጭቃ ሹም ሲሆን፣ ሆዳቸውን ጎታው ሆዱ በተነፋበት ላይ አሳርፈው፣ ጢማቸውንና ዱላቸውን አሟልተው ነበር። ጭቃ ሹሙ ለግብር ሲመጡ ዓይናቸው እዚያው ላይ ዐረፈና “ይኸ ደሞ ማነው?” አሉ። ወይዘሮ ይርገዱ ነገር ዐዋቂ ነበሩ። “ሚካኤል ነው ጌታዬ፤ እህሉን ይጠብቅልን ብለን ነው” አሏቸው። ጭቃ ሹሙም ባርኔጣቸውን አውልቀው፣ ጎንበስ ብለው የገዛ ቦርጫቸውን ተሳለሙ። ቤተሰቡ ይህን እያነሣ ሲስቅ ኖሯል። አቶ አንለይ ግን ሹም የራሱን መልክ እንደማያውቅ የተማሩት ያን ቀን መሆኑን ሲናገሩ አይስቁም ነበር።

አባታቸው ይህ እጅ ሳያስቀጣን መላ ይበጅለት ብለው ጣራ ገዳም አካባቢ ይኖሩ ለነበሩት ለቤተ ክርስቲያን ሠዓሊው ለመሪጌታ መንግሥቴ ሰጧቸው። እዚያ ፊደል ቆጠሩ፣ ዳዊት ደገሙ፣ ቀለም በጠበጡ። ከዚህ በኋላ የሚመጣው ሁሉ ከመሪጌታ ሁለት ትእዛዛት የተነሣ ስለሆነ ሁለቱንም መናገር ያስፈልጋል።

የመጀመሪያውን የአገራችንን ቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ያየ ሁሉ ያውቀዋል። ጻድቅ ፊቱን ለሰው ሰጥቶ በሁለት ዓይን ይሣላል። ኃጥእ፣ ሰቃይ፣ ይሁዳ፣ ጋኔን በጎን ይሣላል፤ የሚታየውም አንድ ዓይኑ ብቻ ነው። መሪጌታ ምክንያቱን ሲነግሯቸው፣ “አንድ ዓይኑን ብቻ የሚያሳይህን ሰው አትመነው፤ ሁለተኛዋ ወዴት እንደምታይ አታውቅም” ብለዋቸዋል። ሁለተኛው ትእዛዝ የእጅ ሥራ ትእዛዝ ነው፦ ኃጥእን ብቻውን አትሣል። ፊት ለፊቱ ጻድቅ አቁምለት፤ አለዚያ ግድግዳው ይጎድላል። ልጁ ይህንንም ያዙ። እጃቸው እንደ ዳዊት እስኪደግመው ድረስ ያዙት፤ የያዘ እጅ ደግሞ ሳይጠየቅ ይሠራል።

ከዚያም ወረታ ዘመናዊ ትምህርታቸውን ተከታትለው፣ በ1963 ዓ.ም. ወደ አዲስ አበባ ሄደው ሥዕል ተማሩ። በዚያን ጊዜ የአገር መሪ በካርቱን አይሣልም፤ ቢሣል እንደ ታቦት ተከብሮ፣ በወርቅ ክፈፍ ገብቶ ነው። ዘመኑ ተለወጠና ዙፋኑ ወርዶ ሊቀመንበር መጣ። አቶ አንለይም በ1969 ዓ.ም. በአንድ ጋዜጣ ዝግጅት ክፍል ካርቱን ሠሪ ሆነው ተቀጠሩ። በዚያው ዓመት የወረታዋን ወይዘሮ ማንጠግቦሽ ማረውን በሥርዐተ ተክሊል አግብተው፣ በ1971 ዓ.ም. ልጃቸውን ዘመነን፣ በ1975 ዓ.ም. ልጃቸውን ንጋትን ወለዱ። ዘመነ የአያታቸው ስም ነው።

በጋዜጣው ቤት የተማሩት ሌላ ትምህርት ነበር። የራስ መሪ በፎቶግራፍ ብቻ ይወጣል፤ ደረቱን ነፍቶ፣ ክንዱን አንሥቶ። በካርቱን የሚወጣው የሰው አገር ፕሬዚዳንት ነው። የአሜሪካ ፕሬዚዳንት ሁልጊዜ ረጅም ባርኔጣና የአዞ ጥርስ አለው፤ ሰውየው በምርጫ ይቀየራል፣ ባርኔጣውና ጥርሱ ግን ለተተኪው ይተላለፋል። ወዳጅ የተባለ አገር ፕሬዚዳንት ባለ ሁለት ዓይን ነው፤ ከእርግብና ከስንዴ ዛላ ጋር ይቆማል። የተጣላን ጊዜ ያው ሰው በጎን ዞሮ አንድ ዓይን ብቻ ይቀርለታል። የክፍሉ ኃላፊ የጎንደር ሰው ስለነበሩ የዓይኑ ነገር ከመጀመሪያው ቀን ገብቷቸዋል። አንድ ጠዋት ስልክ ደውለው፣ “አንለይ፣ ከሰውየው ጋር ታርቀናል፤ ዓይኑን መልስለት” ብለው አዘዟቸው። አቶ አንለይ መለሱ። ደመወዝ የሚበላ ሰው ምን ያደርጋል? ነገር ግን በዚያን ቀን ወደ ቤታቸው ገብተው ለወይዘሮ ማንጠግቦሽ፣ “መሪጌታ ቢያዩኝ ቡሩሼን ይሰብሩት ነበር” እንዳሏቸው ወይዘሮዋ ያስታውሳሉ።

በ1983 ዓ.ም. ያ መንግሥት ወደቀ፤ ከዓመት በኋላም የግል ጋዜጣ ተፈቀደ። አቶ አንለይ ሙሉ ሰው የሆኑት ያኔ ነው። ለመጀመሪያ ጊዜ የገዛ አገራቸውን ገዢ ሣሉ። ወንበሩን ሣሉ፤ ወንበሩ ቤት ያህላል፣ የተቀመጠበት ሰው እግር ግን መሬት አይነካም። ባለሥልጣኑ ሲወፍር ወንበሩ አብሮ ሲወፍር፣ ሕዝቡ ደግሞ የወንበሩ እግር ሆኖ ሲሸከም ሣሉ። ሥልጣን የሌለው ፕሬዚዳንት እንዴት ይሣላል ብለው ተጨንቀው፣ ሚዜ አድርገው ሣሉት፤ ሱፉ ያማረ፣ አበባው በእጁ፣ ሙሽራዋ ግን የሰው ናት። አገር ሳቀ። ሁሉም ግን በጎን ናቸው፤ ሁሉም ባለ አንድ ዓይን ናቸው።

ጋዜጣው በአውቶቡስ ተጭኖ ወረታ ሲደርስ፣ ማንበብ የማይችለው ገበሬ ሳይቀር ሥዕሉ ይገለጥለት ነበር። ሰው ዜናውን ከመጠየቁ በፊት “አንለይ ስንት ዓይን ሰጠው?” ይላል። አንድ ከተባለ፣ “እንግዲያውስ ነገርየው እንደ ድሮው ነው” ብሎ ወደ ሩዝ ማሳው ይሄዳል። እንዲህ ያለ እምነት በሰው ጫንቃ ላይ ሲጫን መክበዱን ያኔ ማንም አላሰበበትም፤ እሳቸውም ቢሆኑ።

ሁለት ጊዜ ታሰሩ። በሁለተኛው ጊዜ ችሎት ላይ የአገር መሪን ዕውር አድርገህ ሥለሃል ተብለው ሲጠየቁ፣ “ክቡር ፍርድ ቤት፣ ሁለተኛዋን ያሳዩኝና አሁኑኑ ልሣላት” ብለው መለሱ። መልሱ በየመንደሩ ሲነገር ከረመ፤ እሳቸው ደግሞ በመልሱ ምክንያት እስር ቤት ከረሙ። በዚህ ጊዜ ወይዘሮ ማንጠግቦሽ ልጆቻቸውን ይዘው ወረታ ወደ አባታቸው ቤት ተመልሰው ነበር። ጠላ ጠምቀው፣ ጥጥ ፈትለው፣ ከጎረቤት ሸማኔ ጋር ተካፍለው ልጆቹን ያሳደጉት እሳቸው ናቸው። ለካርቱኑ ያጨበጨበ ብዙ ነበር፤ የእስረኛው ልጅ በልቷል ወይ ያለ ግን ከቤተ ዘመዱ በቀር አልነበረም። ይህም ይጻፍ።

አቶ አንለይ ተፈተው አዲስ አበባ ወደ ሥራቸው ሲመለሱ ቤተሰቡ ወረታ ቀረ። ዘመነ የአባቱን ሥዕሎች ከየጋዜጣው እየቆረጠ በቤቱ ግድግዳ ላይ ለጥፎ አደገ። እሱ ራሱ እጁ ለሥዕል አልታዘዘለትም፤ የሩዝ መፈልፈያ ማሽን ግን ድምፁን ሰምቶ የት እንደታመመ ያውቅ ነበር። ዐሥራ ሁለተኛ ክፍልን ጨርሶ በመፈልፈያ ቤት እየሠራ፣ ማታ ማታ ለታናሽ እኅቱ ለንጋት የዓይኑን ሕግ በግድግዳው ላይ ያስተምራት ነበር። ጻድቅ የታለ ስትለው፣ “አባዬ ገና አላገኘም፤ ሲያገኝ ይሥለዋል” ይላት እንደነበር ንጋት ትናገራለች።

በ1990 ዓ.ም. የድንበሩ ጦርነት ተነሣ። ትናንት የሚገዛንን መንግሥት ሲረግም የዋለው ሁሉ በአንድ ሌሊት ከመንግሥት ጋር ሆነ። ጋዜጣውም ሆነ፤ ቀሳውስቱም ሆኑ፤ አዝማሪውም ሆነ። የማይሆን ሰው ባንዳ ተባለ። አዘጋጁ አቶ አንለይን ለፊት ገጽ የሚሆን ሥዕል ጠየቋቸው፤ እሳቸውም ተቀምጠው የጎረቤት አገሩን ፕሬዚዳንት በጎን፣ በአንድ ዓይን፣ ጥፍሩን ድንበሩ ላይ እንደተከለ ሣሉ። ሥዕሉ በዚህ ቢያበቃ ኖሮ ዛሬ የሚነበበው ታሪክ ሌላ ነበር።

የገጹ ግማሽ ባዶ ቀረ። እጃቸውም መሪጌታ ያስተማሯቸውን ሠራ። በኃጥኡ ፊት ለፊት የራሳችንን መሪ አቆመ፤ ፊቱንም ለሰው ሰጠው። በጎን ሲሥሉት የኖሩትን፣ ያሰራቸውን፣ ሁለተኛዋን ዓይን ያሳዩኝ ያሉበትን ያንኑ ሰው በሁለት ዓይን ሣሉት። ከዓመታት በኋላ መሠረት ምን አስበው እንደሆነ ስትጠይቃቸው፣ “ምንም አላሰብኩም። ግድግዳው ጎደለብኝ” አሏት። ቀጠሉና፣ “አንዱ ኃጥእ ስለሆነ ፊት ለፊቱ የቆመው ጻድቅ ነው ያለኝ ማን ነው? ሁለቱም በጎን ሊሆኑ እንደሚችሉ መሪጌታ አላስተማሩኝም፤ እንዲህ ያለ ሥዕል በቤተ ክርስቲያን የለማ” አሉ።

ያ ጋዜጣ ሳይረፍድ ተሸጦ አለቀ። ሥዕሉን ያሳደጉት፣ ያባዙት፣ ወረታ ላይ ዘማች በሚመዘገብበት በር የለጠፉት ሰዎች ፈቃድ አልጠየቁም። ከእነሱ ውስጥ ዛሬ እዚህ ድንኳን ሥር የተቀመጡ አሉ፤ እንኳን ደኅና መጣችሁ። በሥዕሉ ሥር የሚነበብ ነገር አልጻፉበትም፤ አላስፈለገም። የፎገራ ሰው ዓይን መቁጠር ያውቃል።

ዘመነ ከመፈልፈያ ቤት ሲመለስ አየው። ቤት ገብቶ ለእናቱ መዝመቱን ነገራቸው። ወይዘሮ ማንጠግቦሽ ደጃፉ ላይ ቆመው፣ “አባትህ እስኪመጣ እንኳ ቆየኝ እንጂ ልጄ፤ ለሚካኤል ይመጣል፤ እሱን ሳታማክር?” አሉት። ዘመነም፣ “አባዬማ ተናገረ እኮ እማ። ዕድሜውን ሙሉ ለማንም ያልሰጣትን ዓይን ሰጠው። ከዚህ በላይ ምን ይበለኝ?” አላቸው። እናት ዳቦ ቆሎ ቋጥረው ሰጡት፤ ሄደ።

አቶ አንለይ ለሚካኤል መጡ። ለልጃቸው ሸሚዝ ገዝተው ነበር። ከአውቶቡስ ወርደው በምዝገባው በር ሲያልፉ የገዛ ሥዕላቸውን በር የሚያህል ሆኖ አዩት። ቤት ሲደርሱ ወይዘሮ ማንጠግቦሽ ዘመነ ምን እንዳለ ነገሯቸው፤ አንድ ቃል ሳይጨምሩ፣ አንድ ቃል ሳይቀንሱ። በማግሥቱ አቶ አንለይ ልጃቸው ወደሚሠለጥንበት ቦታ ሄዱ፤ ሳይደርሱበት ተንቀሳቅሷል ተባሉ። ወደ ሰሜን ሄዱ፤ ሲቪል አያልፍም ተባሉ። ስማቸውን ቢናገሩ የኬላው ወታደር ዐወቃቸውና በደስታ እጃቸውን ጨበጠ። “ባለ ሁለት ዓይኑን የሣሉት እርስዎ ነዎት?” አላቸው። ያንን ሰላምታ የመሰለ ዱላ በሕይወታቸው እንዳልቀመሱ ተናግረዋል።

ወጣት ዘመነ አንለይ በ1991 ዓ.ም. በጦር ሜዳ ወደቀ። መርዶው ለቤተሰቡ የመጣው ጦርነቱ ካለቀ፣ ሁለቱ መንግሥታት ለስምምነት ከተፈራረሙ በኋላ ነው። አስከሬኑ አልመጣም። ለቅሶው የተለቀሰው በጉርድ ፎቶግራፉ ላይ ነው፤ ለትምህርት ቤት መታወቂያ የተነሣው፣ ፊቱን ለሰው የሰጠበት ፎቶ ነው።

ወይዘሮ ማንጠግቦሽ ባለቤታቸውን አልሰደቡም፣ አልረገሙም፣ ከቤት አላስወጡም። ከአርባው በኋላ ውሃ አሙቀው፣ ቢላዋ ይዘው፣ ልጃቸው የለጠፋቸውን ጋዜጦች ከግድግዳው ላይ አንድ በአንድ ላጡ። ግድግዳውን በጭቃ መረጉት። ከዚያን ቀን ጀምሮ ሥዕል የሚባል ቃል ከአፋቸው አልወጣም። ባለቤታቸውን አጠቡ፣ አበሉ፣ ሲታመሙ አስታመሙ፤ ስለዚያ ነገር ግን አንድም ጊዜ አላነሡባቸውም። አቶ አንለይ እስር ቤትን ከዚህ ዝምታ ጋር ሲያወዳድሩ፣ እስር ቤቱ እንደሚሻል ለእኅታቸው ለወይዘሮ ውባንቺ አጫውተዋቸዋል።

በ1993 ዓ.ም. አቶ አንለይ የጋዜጣ ሥራቸውን ትተው ጠቅልለው ወረታ ገቡ። የሩዝ መፈልፈያ ቤት ታፔላ፣ የጸጉር ቤት ታፔላ፣ የሥጋ ቤት በሬ መሣል ጀመሩ። በከተማው ያሉት በሬዎች ሁሉ የእሳቸው ናቸው፤ በሬ ማንንም አያዘምትም ይሉ ነበር። የቁሐር ሚካኤል ካህናት ቤተ ክርስቲያኑ ሲታደስ ግድግዳውን እንዲሥሉ ለምነዋቸው ነበር። የልጅነታቸውን ደብር ምን ያህል እንደሚናፍቁ የሚያውቅ ሁሉ እሺ ይላሉ ብሎ ጠበቀ። እሳቸው ግን በካህናቱ ጉልበት ላይ ወድቀው፣ “አባቶቼ፣ ይቅር በሉኝ፤ ጻድቁን ከኃጥኡ የሚለይ እጅ የለኝም” አሉ። ኖራውን በጥብጠው ግድግዳውን ነጭ ቀቡላቸው። ሥዕሉን ሌላ ሰው ሠራው።

በ2010 ዓ.ም. አገር በአዲስ ተስፋ ሲናወጥ፣ የወረታ ወጣቶች ተሰብስበው ደጃቸው መጡ። “ጋሼ፣ ለአዲሱስ ስንት ዓይን ይሰጡታል?” አሏቸው። አቶ አንለይ በሬያቸውን እየቀቡ ነበር። “እኔ ዓይን መስጠት ትቻለሁ። እናንተ ሁለት ሁለት አላችሁ፤ እሱን ተጠቀሙበት” አሏቸው። ወጣቶቹ ሽማግሌው አርጅተዋል፣ ጨልመዋል ብለው ሄዱ። ከዚያ ወዲህ ሠዓሊ አያስፈልግም፤ ሁሉም በስልኩ ይሥላል። ዛሬ አንዱን መሪ ክንፍ አውጥቶለት አክሊል ይደፋለታል፤ ነገ በዚያው ጣቱ ቀንድ ያበቅልለታል። ክንፉን የሣለው እኔ ነበርኩ የሚል ግን የለም። መሠረት እነዚህን ሥዕሎች በስልኳ ስታሳያቸው አገላብጠው አይተው፣ “እጃቸው ከእኔ ይፈጥናል፤ መርዶውም ይፈጥን ይሆናል” ብለው መልሰውላታል። የተናገሩት ደረሰ፤ በዚህ ሜዳ ላይ ከዚያ በኋላ የተቀበረውን ወጣት እናንተም እኛም እናውቃለን።

በ2015 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የተሰባሰቡ ሰዎች ለካርቱን ላበረከቱት አስተዋፅኦ እንሸልማቸዋለን ብለው ጠሯቸው። አቶ አንለይ ሊቀሩ ነበር፤ ንጋት አግባብታ ወሰደቻቸው። በአዳራሹ ውስጥ መሪዎችና ፕሬዚዳንቶች በየዘመኑ እንዴት እንደተሣሉ በተርታ ተሰቅሎ ነበር፤ ባለ አዞ ጥርሱም፣ ባለ ትልቅ ወንበሩም፣ ሚዜውም አሉ። ከሁሉ አልቆ፣ መብራት በርቶለት የተሰቀለው ያ ባለ ሁለት ዓይኑ ሥዕል ነበር። አቶ አንለይ አውርዱልኝ አሉ። አስተናጋጁ፣ “ታሪክ እኮ ነው ጋሼ፤ ታሪክ አይወርድም” አላቸው። “የእኔ ልጅስ? እሱ ከየትኛው ግድግዳ ላይ ነው ያለው?” ብለው ጠየቁና ዲፕሎማውን ሳይቀበሉ ወጡ። በማግሥቱ ሽልማታቸውን በክብር እንደተቀበሉ በዜና ተነገረ።

አቶ አንለይ ከሁለት ዓመት ወዲህ በስኳር ሕመምና በኩላሊት ሲሰቃዩ ቆይተዋል። እግራቸው ሲያብጥ ወንዛዬ ፍል ውሃ ወስደናቸው ነበር፤ ለጥቂት ጊዜ ቀለል ብሏቸው ከጠበልተኞቹ ጋር ሲጫወቱ ከረሙ። በኋላ ባሕር ዳር በሕክምና ሲረዱ ቆዩ። የመዳን ነገር እንደሌለ ሲነገራቸው ቤቴ መልሱኝ አሉ። ነሐሴ 9 ቀን 2017 ዓ.ም.፣ ሜዳው ውሃ ለብሶ ሳለ፣ በተወለዱ በ72 ዓመታቸው ከዚህ ዓለም ድካም ዐረፉ። አስከሬናቸውም በፍልሰታ ጾም፣ ውሃ እየተሻገሩ በተሸከሟቸው ሰዎች ትከሻ ወደ ቁሐር ሚካኤል መጥቷል። ለተሸከማችሁ ሁሉ እግዚአብሔር ይስጥልን።

አቶ አንለይ ባለቤታቸውን ወይዘሮ ማንጠግቦሽ ማረውን፣ ልጃቸውን ንጋትን፣ እኅታቸውን ወይዘሮ ውባንቺን እና የእኅታቸውን ልጆች ትተው ሄደዋል። የቀደማቸው ልጃቸው ዘመነ ነው።

አሁን በእጃችሁ ስለያዛችሁት ወረቀት ሽፋን እንናገር፤ ከመጣችሁ ጀምሮ እያያችሁ እርስ በርሳችሁ ስትጠያየቁ ሰምተናል።

በግንቦት ወር አቶ አንለይ መሠረትን እርሳስ አምጪልኝ አሏት። ከ1990 ዓ.ም. ወዲህ የሰው ፊት ለቁም ነገር ሲሥሉ ያየቻቸው ያን ቀን ብቻ ነው። ሥራው ቀኑን ሙሉ ፈጀ። የሣሉት ራሳቸውን ነው። በጎን ነው። በአንድ ዓይን ነው። “የቀብሬ ወረቀት ላይ ይህን አድርጊው፤ ፎቶግራፍ እንዳታስገቢ” አሏት።

ካረፉ በኋላ ሥዕሉ በዘመድ መካከል ሲወጣ ቤቱ ተናወጠ። ወይዘሮ ውባንቺ፣ “ወንድሜን ኃጥእ ብዬ፣ ከይሁዳ ጋር ደምሬ ልቅበረው? አገር ምን ይለኛል? ኧረ ጡር ነው!” ብለው አለቀሱ። አንዳንዱ ይቀደድ አለ፤ አንዳንዱ ሁለተኛ ዓይን ይጨመርበት አለ። በዚያ ዘመን ከአቶ አንለይ ጋር እሰይ ያለው፣ ሥዕሉን ያባዛው፣ ከበሮ የመታው ብዙ ነው፤ በጎን ዞሮ ራሱን የሣለ ግን ከእሳቸው በቀር እስካሁን አልሰማንም። ያንን እንኳ ልንቀማቸው ነበር።

በመጨረሻ ወይዘሮ ማንጠግቦሽ ሥዕሉን ስጡኝ አሉ። ያ ቃል ከአፋቸው ከጠፋ ሃያ ዓመት አልፎት ነበር። ወደ መስኮቱ ወስደው፣ ወደ ብርሃን ይዘው፣ ለረጅም ጊዜ አዩት። ከዚያ፣ “አትንኩት። የፈረደውን ፈርዷል፤ እኔም አልሽርለትም” አሉ። ወይዘሮ ውባንቺ እንደገና ሊያለቅሱ ሲሉ በእጃቸው ከለከሏቸው። ከሣጥናቸው የዘመነን ጉርድ ፎቶግራፍ አውጥተው ከሥዕሉ ፊት ለፊት አስቀመጡት። “ብቻውን ግን አታድርጉት። ልጁን ፊት ለፊቱ አድርጉልኝ። ይኸን ሁሉ ዓመት እኔን ቀና ብሎ ማየት ፈርቶ ወደ ጎን ሲያይ ኖረ። ወዴት ያይ እንደነበር እኔ ዐውቃለሁ” አሉ።

ሽፋኑ እንደዚያው ታትሟል። በስተግራ አቶ አንለይ አሉ፤ በስተቀኝ ልጃቸው ዘመነ፣ በሁለት ዓይኑ።

ፍርድ የአንተ የሆነ አምላክ ሆይ፣ አገልጋይህን አንለይን ልጃቸው ካለበት አድርስልን፤ እዚያም ፊታቸውን ቀና አድርገው እንዲያዩት ፍቀድላቸው። አሜን።